ዊንተር ኮንሰርት፦ ስሙን ቀይሩ ያለው ማን ነው?

የወላጆች ጥያቄና መልስ

ዲሴምበር ሲቃረብ ለዚህ ዓምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ። አምና ስለ ስጦታ ነበር። ዘንድሮ ስለ ስም ሆኗል። እዚህ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች የበዓላትን ስም እየቀየሩ ነው፤ ወላጆች ግራ ገብቷቸዋል፤ አንዳንዶቹም ተቆጥተዋል። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጫለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ካፌቴሪያ፣ ቀጥሎ ረዳት መምህርት ሆኜ። የምናገረው እዚያች ጉልበት የምታሳምም የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣሁ። «ዊንተር ኮንሰርት» ይላል። ታላቅ ወንድሟ እዚያው ሲማር «ክሪስማስ ኮንሰርት» ነበር። ከዚያ «ሆሊዴይ ኮንሰርት» ተባለ። አሁን ደግሞ ይኸው። የዘፈኖቹን ዝርዝር አየሁት። የበረዶ ሰው አለ፣ ጓንት አለ፣ ፔንግዊን አለ። ጌታ የለም። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ቅር አለኝ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። «የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ አንቺ ለማን ገና ነው የምትጣይው?» ይለኛል። ሄጄ ላመልክት ወይስ ልተወው?
(ቅር ያላት እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ሳቁ ሳነበው አናዶኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ግማሽ እውነት አለው። እመለስበታለሁ።

ልታመለክቺ ከሄድሽ አንድ ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። «ስሙ የተቀየረው ማን ጠይቆ ነው?» በያቸው። ድምፅሽን ሳትጨምሪ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል። እዚያ ቤት በቆየሁባቸው ዓመታት የበዓል ስም ሲቀየር ሦስት አራቴ አይቻለሁ፤ ቅያሬው ሁሉ ግን አንድ አልነበረም። አንዳንዱ የተከፋ ልጅ አይተው ያደረጉት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ማንም ሳይናገር፣ «ሰው ይናገረን ይሆናል» ተብሎ በፍርሃት የተደረገ ነው። ቦርሳ ውስጥ የምታገኚው ወረቀት ላይ ሁለቱ አይለዩም።

የመጀመሪያውን ዓይነት ልንገርሽ። የእናቶች ቀን ሰሞን ነበር፤ አንደኛ ክፍል። ልጆቹ ሮዝ ወረቀት ላይ እጃቸውን አስቀምጠው በእርሳስ ይከባሉ፤ በመቀስ ቆርጠው አበባ ያደርጉታል። ካርዱ ላይ «ውድ እናቴ» የሚል ቃል ታትሞበታል። ከእነሱ መሀል እናቱ በዚያው ዓመት ያረፈች ልጅ ነበር። እጁን ከበበ፤ ቆረጠ፤ አበባውን ለጠፈ። ከዚያ ቆመ። የማጣበቂያውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይከፍታል፣ ይዘጋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለማን ልስጠው?» አለኝ።

«ለአያትህ ስጣት።»

«አያቴ እናቴ አይደለችም።»

አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር። ካርዱን ገለበጠና ጀርባው ላይ የጭነት መኪና ሣለ። ስድስት ጎማ።

መምህሯ ከወዲያ ማዶ አይታዋለች። በዓመቱ ካርዱ ሲታተም «ለምወደው ሰው» የሚል ነበር። ታዲያ የማንም እናት ካርድ አልቀረባትም። ልጆቹ በሙሉ ማለት ይቻላል «እማዬ» ብለው ጻፉበት። አንዷ ብቻ ለአውቶቡስ ሹፌራቸው ሰጠች። ሰውየው ካርዱን ከመሪው በላይ ለጥፎት ክረምቱ እስኪመጣ እዚያው ነበር። ያን ቅያሬ የጠየቀ አለ። በአፉ አልጠየቀም እንጂ።

ያንቺን ኮንሰርት ማን እንደጠየቀ ግን አላውቅም። ምናልባት ማንም።

አሁን ወደ ሕጉ። «ክሪስማስ የሚለው ቃል ትምህርት ቤት ተከልክሏል» ሲባል ስንቴ ሰማሁ! አልተከለከለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 የከለከለው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና በጸሎት ቀኑን እንዳያስጀምር ነው። በዚያው ውሳኔ ላይ ስለ ሃይማኖት ማስተማር ግን ይቻላል ተብሏል። ማስመለክ ሌላ፣ ማስተማር ሌላ። በ1980 ደግሞ ሱ ፎልስ ከምትባል የደቡብ ዳኮታ ከተማ አንድ ክርክር የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደረሰ። ነገሩ ያንቺው ነው፤ የትምህርት ቤት የገና ዝግጅት። ፍርድ ቤቱ፣ መዝሙሩ የትምህርቱና የባህሉ አካል ሆኖ በልኩ፣ ሳያዳላ ከቀረበ ይፈቀዳል አለ። ቴክሳስማ በ2013 ትምህርት ቤት ውስጥ «መልካም ክሪስማስ» መባባል እንደሚቻል ሕግ አወጣች። (ሰላምታ በሕግ ሲፈቀድ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።)

ገናን በሕግ የከለከለ ግን ነበር። ማን ይመስልሻል? ክርስቲያኖቹ ራሳቸው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፒዩሪታን የሚባሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች በ1659 «ይህ በዓል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም» ብለው ሲያከብር የተገኘን ሰው 5 ሽልንግ ይቀጡ ነበር። ሕጉ የተነሣው በ1681 ነው። ክሪስማስ የፌዴራል በዓል የሆነውም በ1870 ነው። ይህን የምነግርሽ ነገሩን ለማቃለል አይደለም። እዚህ አገር በዚህ ቀን ላይ ጭቅጭቅ አዲስ እንዳልሆነ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ስለዚህ ሄደሽ ብታመለክቺ መብትሽ ነው። «ክሪስማስን መልሱ» ብለሽ ግን አትጀምሪ። «ዝርዝሩ ላይ የሰው እምነት ያለበት አንድ ሁለት ዜማ ይጨመር፤ የእኛም፣ የሌላውም» በያቸው። የሙዚቃ መምህራን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ለነገሩ በፔንግዊኑ ጉዳይ ከአንቺ ጋር ነኝ። ልጆቹ አያምኑበትም፣ መምህሯ አታምንበትም፣ ፔንግዊኑም ቢጠየቅ የሚያምንበት አይመስለኝም። «ዊንተር ኮንሰርት»ንም ወደ አማርኛ ልመልስ ብዬ ተቸግሬያለሁ። የክረምት ኮንሰርት ካልኩት ሐምሌና ጭቃ ይመጣብኛል። ታኅሣሥ እኮ ለእኛ በጋ ነው።

አሁን የባለቤትሽ ነገር። ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው የእነሱ አዲስ ዓመት ባለፈ በማግስቱ ነው። የእኛ ገና የሚውለው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅሽ በገና ቀን የሒሳብ ወረቀት እየሠራች ነው። ይህን ያደረገባት የኮንሰርቱ ወረቀት አይደለም። በዓል መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ ነው።

በራሴ ልፍረድ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ሳለ በገና ቀን አስቀረሁት። ለትምህርት ቤቱ ማስታወሻ ስጽፍ ፈራሁ። «በዓላችሁማ አልፏል» የሚሉኝ መሰለኝ። «ትኩሳት ይዞት ነው» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ መምህሯ «ተሻለህ ወይ?» ስትለው «አልታመምኩም፣ ገና ነበር» አላት። ማታ ላይ ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። «ለምን አልነገርሽኝም? ክፍሉን አስተምርበት ነበር» ነው ያለችው። እኔ እኮ ያን ዓመት የገናን ስም «ትኩሳት» ብዬ ቀይሬዋለሁ። ማንም አልጠየቀኝም።

ሜሪላንድ ውስጥ ለሃይማኖት በዓል መቅረት ሕጋዊ መቅረት ነው። ማስታወሻ ጻፊ። ስሙን አስተካክለሽ ጻፊ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የልጆቼ ትምህርት ቤት «ክሪስማስ ፓርቲ» ይለው የነበረውን «የዊንተር ዝግጅት» ብሎታል። «አካታች እንዲሆን ነው» የሚል ደብዳቤም ልከውልናል። ስሙ ተቀየረ እንጂ ዛፉ እዚያው ነው። ቀይና አረንጓዴው፣ ኮፍያው፣ ስጦታ መለዋወጡ እዚያው ነው። ድሮ ስሙን ስለማውቀው እወስን ነበር። አንዳንዴ አስቀራቸዋለሁ፣ አንዳንዴ «እዩና ኑ» ብዬ እልካቸዋለሁ። አሁን ግን «ለሁሉም ነው» ስለተባለ ባስቀራቸው አስቸጋሪው እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ ክርስቲያን ጎረቤቶቼ «ክሪስማስን ያስጠፋችሁት እናንተ ናችሁ» በሚል ዓይን ያዩኛል። ወላሂ እኔ አንድ ቀን ቀይሩ አላልኩም።
(ያልጠየቀ አባት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ልጄ ትሆናለህና አንተ ልበልህ። ደብዳቤህን ከላይ ላለችው እህቴ ቀድሜ ባነበብኩላት ደስ ይለኝ ነበር። ሁለታችሁም የምታማርሩት ስለ አንድ ወረቀት ነው።

የምትለውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ዲሴምበር ለልጆች የሚቀባ ሥዕል ታደለ። ነጭ ጢም፣ ቀይ ኮፍያ፣ ትልቅ ሆድ። ከሥሩ «የዊንተር ጓደኛችን» ይላል። ሳንታ እንዳይባል ነው እንግዲህ! ሂጃብ የለበሰች አንዲት ልጅ ነበረች፤ ቀለም አያያዟ ሥርዓት ያለው። ኮፍያውን ነጭ ተወችው። ጢሙን ግን በብርቱካንማና በቡናማ እያቀላቀለች ቀባችው። «ይሄ ማነው?» አልኳት። «አያቴ ናቸው፤ ሂና ተቀብተው» አለችኝ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተሰቀለ። ሃያ ሳንታ፣ አንድ ሼኽ። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ ግድግዳ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄህ። አንተ ላይ የደረሰው በትልቁ የደረሰበት አገር አለ። ሞንትጎመሪ ካውንቲን ታውቀዋለህ፤ እኛ ሐበሾች የሞላንበት ነው። በ2014 እዚያ ያሉ ሙስሊም ወላጆች አንድ ነገር ጠየቁ። በተከታዩ የትምህርት ዓመት አረፋ ከአይሁዶቹ የንስሐ ቀን ከዮም ኪፑር ጋር በአንድ ቀን ይገጥማል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በዮም ኪፑር ትምህርት ቤቱ ድሮም ይዘጋል። «እንግዲያው ካላንደሩ ላይ ከእነሱ ስም ጎን የእኛንም ጻፉልን» አሉ። የጠየቁት ቀለም ነው። አንድ መስመር።

ኖቬምበር ላይ ስኩል ቦርዱ ድምፅ ሰጠ። 7 ለ1 ነው ያለፈው። አረፋ አልተጨመረም። የሁሉም ስም ወጣ እንጂ። ክሪስማስ፣ ፋሲካ፣ ሮሽ ሃሻናህ (የአይሁዶቹ አዲስ ዓመት)፣ ዮም ኪፑር ከቀጣዩ ካላንደር ላይ ተሰረዙ፤ ቀኖቹ ግን እንደተዘጉ ቀሩ። የገናና የፋሲካ ሰሞን በስቴቱ ሕግ የሚዘጋ ስለሆነ ቦርዱ ሊነካውም አይችልም። እንግዲህ አስበው። ክርስቲያኑና አይሁዱ ቀናቸው አልተነካም፤ ስማቸው ነው የሄደባቸው። ሙስሊሙ ምንም አላገኘም። የሁለቱ ቁጣ ብቻ ተረፈው። ለሁሉም እኩል እንዲሆን ተብሎ የሁሉም ሰው ሞሰብ ተነሣ፤ ጦሙን ያደረው ግን ያው ድሮም ጦሙን የነበረው ነው።

በዚያው ሰሞን ኒው ዮርክ ሌላ መንገድ ሄደች። በ2015 ሁለቱም ዒዶች የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉባቸው ቀኖች ሆኑ። የማንም ስም አልተፋቀም። ሞንትጎመሪም ቢሆን ቆየት ብሎ ለዘብ አለ። በ2016 አረፋ በዋለበት በሴፕቴምበር 12 ተማሪ እንዳይመጣ ተደረገ። ወላጆቹ ከመጀመሪያው መጠየቃቸውን ስላልተዉ ነው።

ምን ይሻላል ላልከኝ፣ እኔ ብሆን አጭር ኢሜይል እጽፍ ነበር። ረጅም ከሆነ አያነቡትም። ሦስት ነገር ይበቃል። ስሙ እንዲቀየር እንዳልጠየቅህ ንገራቸው። ዛፍና ስጦታ ያለበት ዝግጅት ከሆነ በስሙ እንዲጠሩት፣ ወላጅ አውቆ እንዲወስን ጠይቅ። ከዚያ ለዒድ አንድ ቀን አንተ ክፍል ገብተህ ለልጆቹ ልታወራ እንደምትፈልግ ጻፍ። የመጨረሻዋን አትዝለላት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቅሬታ ናቸው፤ ቅሬታ ደግሞ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሦስተኛዋ ግን ቀጠሮ ታስይዝሃለች።

ጎረቤቶችህን በተመለከተ፣ ይህን ገጽ ቆርጠህ በራቸው ሥር አስገባላቸው። ከእኔ ነው በላቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ልጆች ጭምብል የሚለብሱበት ሃሎዊን በልጄ ትምህርት ቤት «የመጽሐፍ ገጸ ባሕርያት ቀን» ተብሏል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛው ጋ ናት። «ሰይጣን ስሙን ቢቀይር ያው ሰይጣን ነው» ብላ ልጁን አላስወጣም ብላለች። እኔ መሀል ቤት ቀረሁ።
(መሀል ቤት የቀረችው)

መልስ፦ እማማን አትከራከሪያቸው፤ አታሸንፊም። ወረቀቱን ግን ከእሳቸው ጋር ሆነሽ አንብቢው። ጭምብል የለም፣ ደም የለም፣ መሣሪያ የለም፣ ልጁ የወደደውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል የሚል ከሆነ ይህ ስሙ ብቻ የተቀየረ አይደለም። ቀኑም ተቀይሯል። ጭራቁና አጽሙ እንዳለ ሆኖ ርዕሱ ብቻ ከተቀየረ ግን እናትሽ ልክ ናቸው። አዝናለሁ።

እኔ ይህን ቅያሬ ወድጄዋለሁ። ድሮ በሃሎዊን ሰልፍ ቀን ሦስት ልጆች ይዤ ቤተ መጻሕፍት እቀመጥ ነበር። አንዱ የይሖዋ ምስክር፣ አንዷ የእኛው ጴንጤ፣ አንዷ ሙስሊም። ሰልፉ በመስኮቱ ሥር ነው የሚያልፈው። ሦስቱም መጽሐፍ ይዘው መስኮት ያያሉ። ልብስ መግዣ ያጡ ወላጆችም ነበሩ፤ እነሱ ልጁን ቤት ያስቀሩታል እንጂ አይናገሩም። ከተቀየረ በኋላ ከሦስቱ ሁለቱ ወረዱ። ሦስተኛው አሁንም ከእኔ ጋር ቀረ፤ ቼዝ አስተማረኝ።

እማማን ወደ ሰልፉ ይዘሻቸው ሂጂ። ነጠላቸውን አጣፍተው ይምጡ። አንዱ ሕፃን «እርስዎ ከየትኛው መጽሐፍ ነው የመጡት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአንድ ትምህርት ቤት ሰባት የሐበሻ ቤተሰቦች ነን። በሚቀጥለው መስከረም እንቁጣጣሽን ከልጆቻችን ክፍሎች ጋር ልናከብር አስበናል። ርዕሰ መምህርቷ ፈቀደችልን። ግን «ስሙን አካታች አድርጉት» አለችን። ቀኑ ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ነው። ምን ብለን እንጥራው?
(ሰባቱ ቤተሰቦች)

መልስ፦ እንኳን ደረሳችሁ። እስከ አሁን የፈረንጆቹን ስም ስናማ ቆየን፤ አሁን ተራው የእኛ ነው።

እኛም በዚህ መንገድ አልፈናል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ይህ በእኛ ነው። በእነሱ 2024። ቀኑን ቶሎ ተስማማንበት። ሴፕቴምበር 11 እዚህ አገር የ2001 ቀን ነው፤ ጠዋት ላይ የኅሊና ጸሎት የሚደረግበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። በዚያ ላይ እልል ብሎ መግባት አይሆንም። በዓሉ ረቡዕ ነበር፤ ወደ ዓርብ ወሰድነው። ማንም አላስገደደን፤ ራሳችን አልነው።

በስሙ ላይ ግን አንድ ማታ ሙሉ ሄደ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠናል፤ ቡና ሦስተኛው ላይ ደርሷል። አንዱ «የኢትዮጵያ አዲስ ዓመት» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከአስመራ የመጣች እናት ስኒዋን አስቀመጠችና «የእኔስ ልጅ?» አለች። ልክ ናት። በእነሱም ቤት ያው ቀን ነው። «ቅዱስ ዮሐንስ እንበለው እንግዲያው፤ ሁላችንም እንለዋለን» አለ ሌላው። ይሄኔ የወሎዋ እናት ሳቀች። «ቅዱስ ዮሐንስ ካላችሁ እኔ ቡናውን አፈላለሁ እንጂ ፖስተሩ ላይ ስሜን አታስገቡ» አለች። «እንቁጣጣሽ» ተባለ። ከወለጋ የመጣው አባት «በእኛ ቤት የሚባለው ሌላ ነው» አለ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ደስ የማይል ዝምታ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ከዚያ ያቺው ከአስመራ የመጣችው «መስከረም 1 አይደለም ወይ ቀኑ? መስከረም 1 በሉት» አለች።

በቃ። «መስከረም 1» ተባለ። ከሥሩ ባዶ ቦታ ተተወ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ እቤቱ የሚለውን በራሱ እጅ ጻፈበት። እንቁጣጣሽ አለ፣ ቅዱስ ዮሐንስ አለ፣ «ርሑስ ሓድሽ ዓመት» አለ፣ በኦሮምኛ አለ። ርዕሰ መምህርቷ አይታው «ግን እኮ ሴፕቴምበር 13 ነው ዛሬ» አለች። ተውናት።

እናንተም እንዲህ አድርጉ ማለቴ አይደለም። ሰባታችሁም ከአንድ ቤት ከሆናችሁ «እንቁጣጣሽ» በሉትና ጨርሱ። «የመጸው የአበባ ፌስቲቫል» ብቻ እንዳትሉት። አካታች አድርጉ ማለቷ ስማችሁን ተዉ ማለት አይመስለኝም። «የእኔ ልጅ መግባት ይችላል ወይ?» ለሚል ወላጅ መልስ ይኑራችሁ ማለቷ ነው። ከስሙ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፤ «ሁሉም ክፍል ተጋብዟል፤ የአዲስ ዓመት በዓል ነው፤ ጸሎት የለበትም» በሉ። ይበቃል።

ለልጆቹ ከምግቡ ይልቅ ካላንደሩን አሳዩዋቸው። የጳጉሜን አምስት ቀን ንገሯቸው። እኛ «አሁን በእኛ 2017 ነው» ስንል አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «እኔ የተወለድኩት በ2016 ነው፤ ስለዚህ አንድ ዓመቴ ነው?» አለ። ክፍሉ ፈረሰ። ሁሉም ዕድሜውን መቀነስ ጀመረ። ያልተወለዱም ተገኙ። መምህራቸው በስንት መከራ መለሰቻቸው።

አደይ አበባ አታገኙም፤ ቢጫ አበባ የሆነ ነገር ግዙ። ቡናውን እቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ውሰዱት። ዕጣን ግን በምንም ዓይነት እንዳትወስዱ። እኛ ትንሽ ነው ብለን አጭሰን፣ ማንቂያው ጮኾ፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሜዳ ላይ ወጥቷል። የእሳት አደጋ መኪናም መጣ። ልጆቹ እስከ ዛሬ «የዚያ የእሳት መኪናው በዓል መቼ ነው የሚደገመው?» እያሉ ይጠይቁናል።